ከሠራዊት ወጥተህ ሥራ ስትጀምር፦ የሰው ፊት ፍርሃትን በደረጃ መቀነሻ

ሥራ ተገኝቷል፤ ደሞዙም ክፉ አይደለም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሰውዬው ይቀራል፣ ስልክ ሲደወልለትም አያነሳም። ሲጠየቅ «ቦታው አልተስማማኝም» ይላል። የልቡን ቢያወራ ያስቸገረው ምሳ ሰዓት ነው። የሰኞ ስብሰባ ነው። አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ዞር ብሎ ሲያየው የሚያጠምቀው ላብ ነው።

ይህን የጻፍኩት ለእሱ ነው። እህቴ፣ አንቺም ከሠራዊት ከወጣሽ «አንተ» ያልኩትን ሁሉ ወደ ራስሽ አዙረሽ አንብቢው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው በሦስት መንገድ ነው። አንዱ «ፍርሃቱ ሲለቀኝ እጀምራለሁ» ብሎ ቤት ይቀመጣል፤ ፍርሃቱ ደግሞ ቤት ሲቀመጡ ይብሳል። ሌላው «ስንቱን ያየሁ ሰው ይሄ ምን አለው!» ብሎ ከባዱ ላይ ዘሎ ይገባና በመጀመሪያው ቀን ይደነግጣል። ሦስተኛው፣ በጣም የተለመደውም እሱ ነው፣ ፍርሃቱ ጣራ ሲነካ ጥሎ ይወጣል። ሲወጣ እፎይ ይላል። ችግሩን የሚያከርመው ይኸው እፎይታ ነው። አእምሮህ «ያዳነኝ መውጣቴ ነው» ብሎ ይይዘዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ቀደም ብሎ ያስወጣሃል።

ከታች ያለውን ቅደም ተከተል አትዝለል። ቢቻል ሥራ ከመግባትህ ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በፊት ጀምር። ሥራ ላይ ከሆንክም የምትነሳው ከዝግጅቱ ነው።

ዝግጅት

ኪስ የሚገባ ደብተርና እስክሪብቶ ያዝ። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፣ ግን ስልክ ራሱ መደበቂያ ስለሚሆን ደብተር ይሻላል።

አንድ ሰው ምረጥ። ሚስትህ፣ ወንድምህ፣ ቀድሞ አብሮህ ያገለገለ ጓደኛህ ሊሆን ይችላል። ሥራው በየሁለት ቀኑ «ዛሬ ምን ሞከርክ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። መካሪ አትምረጥ። «ወንድ ልጅ አይፈራም» የሚልህን ሰው ደግሞ ለሌላ ጉዳይ አቆየው።

ጆሮህን አስመርምር። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከመድፍ፣ ከታንክ ወይም ከፈንጂ አጠገብ የነበረ ሰው መስማቱ ተጎድቶ ሳያውቅ ሊኖር ይችላል። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ጸጥ ባለ ክፍል ደህና ትሰማለህ፤ ሰው ሲበዛ ግን ንግግሩ ይደበላለቅብሃል። ሁለቴ «ምን አልክ?» ትላለህ፣ በሦስተኛው አፍረህ ዝም ትላለህ። ጥግ ላይ ያሉት ሲስቁ በአንተ የሳቁ ይመስልሃል። የጆሮ ጉዳት ካለ፣ ከታች የምትሠራውን የፍርሃት መሰላል ብትወጣ ብትወርድ አይፈታልህም፤ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። በዚያው የደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ ጠይቅ፤ ሁለቱም ልብ ያስመታሉ፣ የሆርሞኑ መብዛት ደግሞ እጅም ያንቀጠቅጣል።

ጫት፣ ቡናና መጠጥ ላይ እጅህን ሰብስብ። ጫት ምርቃናው ላይ ወሬ ያመጣልሃል፤ ሲወርድ ግን እንቅልፍ ነስቶ፣ ጭንቀቱን ጨምሮ ያስረክብሃል። ከዚያ ጨብሲ ይከተላል። ጠዋት ላይ የሚንቀጠቀጠው እጅ የፍርሃት ይሁን የትናንቱ አታውቅም። ቡና ከምሳ በፊት አንድ ስኒ ይብቃህ። *ማስጠንቀቂያ፦* በየቀኑ ብዙ አልኮል ስትጠጣ የቆየህ ከሆነ በአንድ ቀን አታቁም። በድንገት ማቆም የሚጥል ሕመም ሊያመጣ ይችላል፤ በሐኪም ክትትል አቁም።

ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ፣ ፈቃድ ያለውም ቢሆን፣ ይቆለፍ። ቁልፉ ሌላ ሰው ዘንድ ይቀመጥ።

ደረጃ 1፦ የትኛው ፍርሃት ነው?

ስብሰባ ክፍል ስትገባ መጀመሪያ የሚመጣብህን ሐሳብ ያዝና ጻፈው።

«መውጫው የት ነው? ያ ሰውዬ እጁን ኪሱ የከተተው ለምንድን ነው?» ከሆነ የአደጋ ፍርሃት ነው። ሰውነትህ ገና ግዳጅ ላይ ነው ያለው።

«ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ላቤን ያዩብኛል፣ ምንም አያውቅም ይሉኛል» ከሆነ የሰው ዓይን ፍርሃት ነው። ማኅበራዊ ጭንቀት የሚባለው ይህ ነው፤ ይህ መመሪያም በዋናነት የተዘጋጀው ለእሱ ነው።

ሁለቱ አብረው የሚመጡበት ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ከሆነ ለሁለቱ የተለያየ ገጽ ስጣቸው፤ አትደባልቅ።

*እዚህ ላይ ቁም፦* በቅዠት የምትባንን፣ የሆነው ነገር አሁን እየሆነ ያለ ያህል ዓይንህ ላይ የሚመጣብህ፣ ወይም ከድንጋጤ በኋላ የት እንዳለህ የሚጠፋህ ከሆነ ብቻህን አትቀጥል። መጀመሪያ ባለሙያ ጋ ሂድ። የጦርነት ትዝታን ቤት ቁጭ ብሎ መቆስቆስ አያድንም።

ደረጃ 2፦ መሰላልህን ሥራ

የሚያስፈራህን ሁኔታ ሁሉ ዘርዝር። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ስጥ፤ 0 ምንም፣ 10 ልሞት ነው የሚያሰኝ። ከዚያ ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድራቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ንብረት ክፍል ሊቀጠር ያለ ሰው መሰላል እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

- 2፦ ሱቅ ገብቶ ዕቃ ከገዙ በኋላ ከባለሱቁ ጋር አንድ ደቂቃ ማውራት
- 3፦ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ!» ማለት
- 4፦ ጠዋት ሦስት ሰው በስም ጠርቶ ሰላም ማለት
- 5፦ ሰው በሞላበት ካፌ መሃል ጠረጴዛ ላይ ብቻን ማኪያቶ ጠጥቶ መጨረስ
- 6፦ ከባልደረቦች ጋር ምሳ መብላት
- 7፦ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ መጠየቅ
- 8፦ አለቃን «አልገባኝም፣ ድገምልኝ» ማለት
- 9፦ ቆሞ ሪፖርት ማቅረብ

የአንተ ከዚህ ይለያል። አንዱ ሪፖርት ማቅረብ ምንም አይመስለውም፤ ጋዜጣዊ መግለጫ ስጥ ብትለውም ይሰጣል። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ሽንት ቤት ይደበቃል። የራስህን ጻፍ።

*መሰላሉ ካልሠራ፦* 2 እና 3 የሚሰጠው ነገር ካጣህ ሁኔታዎቹን ቆራርጣቸው። «ስብሰባ» ከማለት «ስብሰባ ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥ»፣ ቀጥሎ «ስም መናገር»፣ ቀጥሎ «አንድ ዓረፍተ ነገር» አድርገው።

ደረጃ 3፦ የመቆያ ዘዴውን ቤትህ ተለማመድ

1. እግርህን መሬት ላይ በደንብ አሳርፍ። ተረከዝህን ጫን በል።
2. 4 እየቆጠርክ በአፍንጫ ሳብ። 6 እየቆጠርክ በአፍ ቀስ ብለህ አስወጣ። ለ3 ደቂቃ ቀጥል።
3. ዓይንህን ከራስህ ላይ አንሳ። የሚናገረው ሰው የለበሰውን፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን፣ የግድግዳውን ቀለም በልብህ ጥራ።

አየር በኃይል አትሳብ። ቶሎ ቶሎና በጥልቀት መሳብ ራስ ያዞራል፣ ጣትና ከንፈር ያደነዝዛል፤ ያኔ የምትወድቅ ይመስልህና ትደነግጣለህ። ሚስጥሩ አወጣጡን ማርዘም ላይ ነው።

ጠዋትና ማታ፣ ደህና በሆንክበት ሰዓት ተለማመደው። መጀመሪያ ቀን ስብሰባ ላይ ልሞክረው ካልክ አይሠራም። ደግሞም ይህ ፍርሃቱን ማጥፊያ አይደለም። ፍርሃቱ እያለ መቀመጥ እንድትችል ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ መሰላሉን ውጣ

ከ2 ወይም ከ3 ጀምር። በሳምንት አራት አምስት ቀን ሞክር። እያንዳንዱ ሙከራ ይህን ቅደም ተከተል ይከተል፦

1. ከመግባትህ በፊት ይሆናል ብለህ የምትፈራውን ጻፍ። «'ወራጅ አለ' ስል ድምፄ ይሰበራል፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል።»
2. ግባበት።
3. ፍርሃቱ ከፍ ሲል ጥለህ አትውጣ። ቆይ። ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ውስጥ ራሱ ይወርዳል። ነጥቡ በግማሽ ሲቀንስ መውጣት ትችላለህ።
4. ስትወጣ የሆነውን ጻፍ። «ረዳቱ ሾፌሩን 'ያዝ' አለው። አንድ ሴትዮ እግሯን ሰበሰበች። በቃ።»

«ወራጅ አለ» ሁለት ሰከንድ ስለሆነ ውስጡ መቆየት አይቻልም። እንዲህ ያለውን በድግግሞሽ ነው የምትሠራው። መንገድህን ከፋፍለህ ሁለት ሦስት ታክሲ ያዝ፤ በእያንዳንዱ አንተ ተናገር። ሌላ ሰው ቀድሞህ ቢያስወርድልህ አይቆጠርም።

የመሰላሉ አንድ ደረጃ የፍርሃት ነጥቡ 3 ወይም ከዚያ በታች እስኪሆን ድገመው፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፍ።

መደበቂያዎችህን አራግፍ። ሙከራውን ከንቱ የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው፦ ስልክ ላይ ማፍጠጥ፣ ኮፍያ ዝቅ ማድረግ፣ ሁልጊዜ በር አጠገብ መቀመጥ፣ «ሲጋራ ላጭስ» ብሎ መውጣት፣ ሰላምታ ለማምለጥ ሆን ብሎ ማርፈድ። እነዚህ ካሉ አእምሮህ «የተረፍኩት በኮፍያው ነው» ይላል። አንድ በአንድ ጣላቸው፤ ሁሉንም በአንድ ቀን አትጣል። በር አጠገብ መቀመጥ ከአደጋ ፍርሃት የመጣ ከሆነ ደግሞ እሱን መጨረሻ ላይ አቆየው።

*ጥለህ ከወጣህ፦* በዚያው ቀን፣ ካልሆነ በማግስቱ ተመለስ። እዚያው ቦታ፣ አጠር ላለ ጊዜ። ሳምንት ካሳለፍክ ነጥቡ ወደ ላይ ይወጣል። ሦስት ጊዜ ጥለህ ከወጣህ ደረጃው ከብዶሃል ማለት ነው፤ ቁረጠው።

ደረጃ 5፦ ለሚመጡብህ ጥያቄዎች መልስ አዘጋጅ

መጠየቅህ አይቀርም። ዝግጁ መልስ ያለው ሰው ግማሽ ፍርሃቱ ይቀልለታል። መልሶቹን ጮክ ብለህ፣ ለመረጥከው ሰው እየተናገርክ ተለማመድ።

«ግንባር ላይ ምን አየህ?» — «ብዙ ነው፤ ባላወራው ይሻለኛል። አንተስ እዚህ ስንት ዓመትህ ነው?» መልሰህ መጠየቁን አትርሳ፤ ወሬውን የሚያዞረው እሱ ነው።

«ሰው ገድለሃል?» — «እንዲህ ያለ ጥያቄ አልመልስም።» ከዚያ ዝም። አታብራራ፣ ይቅርታ አትጠይቅ፣ ድምፅህንም አታንሳ። ዝምታው ይከብድሃል፤ ጠያቂውን የበለጠ ይከብደዋል።

«በየትኛው ወገን ነበርክ?» — «ፖለቲካ ሥራ ቦታ አላወራም።» ይህ ላይ ጥብቅ ሁን። በሰሜኑ ጦርነት ያለፍክ ከሆነ፣ አጠገብህ የተቀመጠው ባልደረባ በሌላው በኩል የተሰለፈ ወንድም ሊኖረው ይችላል። አንተ አታውቅም፤ እሱም አይነግርህም።

«ሃምሳ አለቃ!» እያሉ መቀለድ — ደስ ካለህ ተወው። ካልሆነ በመጀመሪያው ሳምንት «በስሜ ጥራኝ ባክህ» በል፤ ሲቆይ ለማስተው ይከብዳል።

ለቃለ መጠይቅ ደግሞ ውጊያ አታውራ፤ ሥራ አውራ። «የ30 ሰው ስምሪት አወጣ ነበር»፣ «ንብረት ተረክቤ በሰነድ አስረክብ ነበር» የሚል ቀጣሪ የሚገባው ቋንቋ ነው። ቁጥሩ የራስህ ይሁን።

ደረጃ 6፦ ከመጀመሪያው ቀን በፊት

በሥራ መግቢያ ሰዓት መንገዱን አንድ ጊዜ ሂድበት። ሰልፉ የት እንደሚረዝም፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እይ። ግቢው በር ድረስ ሂድና ጥበቃውን ሰላም ብለህ ተመለስ። ብዙ ቦታ ጥበቃው ራሱ የቀድሞ ወታደር ነው፤ የመጀመሪያው ወዳጅህ እሱ ሊሆን ይችላል።

የውልህን ወረቀት አንብብ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትህ ይችላል። የሕመም ፈቃድ መብት የሚመጣው ሙከራውን ከጨረስክ በኋላ ነው፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ። የሕክምና ማስረጃ ያስፈልጋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ስለሚተዳደር የሰው ሀብት ክፍሉን ጠይቅ።

ለአለቃዬ ልንገረው? የእኔ አስተያየት፦ ቃለ መጠይቅ ላይ አትናገር። ሙከራው ካለፈ በኋላ፣ የሚያስፈልግህ ነገር ካለ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ንገር። የበሽታ ስም አትጥራ፤ የምትፈልገውን ተናገር። «ድንገተኛ ጩኸት ያስደነግጠኛል፣ ጀነሬተሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ብትቀይርልኝ ሥራዬን በደንብ እሠራለሁ።» ሰው እንዲህ ሲባል ይረዳል።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ሳምንት

*ጠዋት።* መግቢያው 2 ሰዓት ከሆነ 1፡45 ድረስ። ባዶ ክፍል ገብተህ ሰዎቹን አንድ በአንድ መቀበል፣ ሞልቶ ከቆየ ክፍል በር ላይ ከመቆም ይቀላል። ቁርስ ብላ።

*ትእዛዝ።* ሠራዊት ቤት ትእዛዝ ግልጽ ነበር። ሲቪሉ ግን «እስቲ ሲመችህ ይቺን እያት» ይልሃል፣ ዛሬ ከሰዓት ይፈልገዋል። አንተ ሲመችህ ብለህ ትተወዋለህ፤ ማግስቱ ፊቱ ሲጠቁር «ጠላኝ» ብለህ ትጨነቃለህ። መድኃኒቱ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ለመቼ ላድርስልህ?» ሁልጊዜ ጠይቅ። ሲነግርህ ጻፈው።

*ምሳ።* ይህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ትሪው መሃል ይቀመጣል፣ አምስት እጅ ይዘረጋል፣ ሁሉም ያወራል። ከዚያ አንዷ እንጀራውን ጠቅልላ «በሞቴ!» ትላለች፤ እጇ ወደ ፊትህ ይመጣል። ሰውነትህ ወደ ኋላ ሊሸሽ ይችላል፤ እሷ እንደናቅካት ይሰማታል። ዘዴው ቀድሞ ማጉረስ ነው። ገና ስትቀመጡ አንተ ጠቅልለህ አጉርስ። መቼ፣ ለማን፣ እንዴት እንደሆነ አንተ ወስነኸዋል ማለት ነው፤ መልሱ ሲመጣም አያስደነግጥህም። መጀመሪያው ቀን ከከበደህ ምሳ ዕቃህን ይዘህ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ብላ። ብቻህን መብላትን ግን አታስለምድ፤ ሁለት ሳምንት ካለፈ መጥራት ይተዋሉ።

*ስብሰባ።* በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ አንድ ነገር ተናገር፣ «ድምፅ ትንሽ ከፍ ይበል» ብትልም። ዝም ባልክ ቁጥር መጀመሩ ይከብዳል።

*ድምፅህ።* ልማድ ሆኖብህ እንደ ትእዛዝ ሊወጣ ይችላል። ለጽዳት ሠራተኛዋም፣ ለአለቃም «እባክህ»፣ «እባክሽ» ጨምር። ከአንተ በዕድሜ የሚበልጡትን «እርስዎ» በል።

ሲበላሽ

*ስብሰባ መሃል ልብህ ቢፈነዳ፦* ተረከዝህን ጫን፣ አወጣጡን አርዝም፣ የተናጋሪውን ቃል በደብተርህ ጻፍ። መጻፍ ዓይንህን ከራስህ ላይ ያነሳል። ካልሆነ ወጥተህ ፊትህን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብ፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ግን ተመለስ። ተመልሰህ ለሁለት ደቂቃም ቢሆን መቀመጥህ ትልቅ ነገር ነው። *ማስጠንቀቂያ፦* የደረት ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ወይም ካላቆመ፣ ጭንቀት ነው ብለህ አትተወው፤ ሆስፒታል ሂድ።

*ባልደረባህ ላይ ብትጮህ፦* በዚያው ቀን፣ ብቻውን ሳለ፣ በአጭሩ፦ «ድምፄን አንስቼብሃለሁ፣ ይቅርታ።» የጦርነት ታሪክ አታስከትል።

*አንድ ቀን ብትቀር፦* ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ደውል። መደወል ካልቻልክ መልእክት ላክ። ሰውን ከሥራ የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ መቅረቱ ሳይሆን ድምፅ ማጥፋቱ ነው።

*ርችትና ተኩስ፦* የመስቀል ደመራ፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ገና፣ የሠፈር ሰርግ፤ ቀኑ ስለሚታወቅ ተዘጋጅ። ማታውን ከምታምነው ሰው ጋር ሁን፣ ልጆች ርችት ከመተኮሳቸው በፊት እንዲነግሩህ አድርግ። በማግስቱ ከባድ ደረጃ አትሞክር።

ሐኪም ጋ መቼ?

ስድስት ሳምንት ሠርተህ መሰላሉ ካልተንቀሳቀሰ፣ እንቅልፍ ካጣህ፣ ለመግባት መጠጥ የሚያስፈልግህ ከሆነ ሂድ። በአቅራቢያህ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምር፤ ሪፈር ይጽፉልሃል። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ጎንደርና ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም እንዲሁ። «አማኑኤል ሄደ» ይሉኛል ብለህ ከፈራህ፣ ሐቁን ልንገርህ፣ ይህም የሰው ዓይን ፍርሃት ነው፤ መሰላልህ ላይ ጻፈው።

እንደ ፍሎክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉ የጭንቀትና የድብርት መድኃኒቶች ከታዘዙልህ ለውጡ እስኪታይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያቁነጠንጥህ ይችላል። «አልሠራም» ብለህ ወይም «ተሻለኝ» ብለህ በራስህ አታቁም። ዳያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ ከጓደኛ ተቀብለህ አትዋጥ፤ ከመጠጥ ጋር ትንፋሽ ያጠፋል፣ ሱስም ይሆናል። ጠበል የምትሄድ ከሆነ ሂድ፤ መድኃኒትህን ግን ይዘህ ሂድ።

ራስህን ስለማጥፋት ካሰብክ ቀጠሮ አትጠብቅ። ዛሬውኑ ለመረጥከው ሰው ንገር፣ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግባ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ለሚስት፣ ለወንድም፣ ለአለቃ

ቤተሰብ፦ እሱን ወክላችሁ አትደውሉ፣ አትገብዩለት፣ «እሱ አይመቸውም» ብላችሁ እንግዳ አትመልሱ። በፍቅር ነው የምታደርጉት፣ ግን ያለማመዳችሁት መደበቅ ነው። አብራችሁት ታክሲ ከተሳፈራችሁም «ወራጅ አለ» እሱ ይበል። ከኋላ መጥታችሁ ትከሻውን አትንኩ፤ ስትቀሰቅሱት ከራቅ ብላችሁ ስሙን ጥሩ።

አለቃ፦ በመጀመሪያው ቀን ሠራተኛ ሰብስበህ «ጀግናችን ነው፣ አጨብጭቡለት» አትበል። ስሙንና ሥራውን ብቻ ተናገር። ስብሰባ ላይ የሚጠየቀውን ነገር በዋዜማው ንገረው። ስህተት ካየህ ለብቻው ጠርተህ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ምን እንደሚስተካከልና ለመቼ እንደሆነ በቁርጥ ንገረው። ሦስት ቀን ድምፁ ከጠፋ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከማስጻፍህ በፊት አንድ ጊዜ ራስህ ደውል።